«ይጠብቁ» የምትለው ቃል፦ «የፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ዘመን አበቃ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰኞ ለገበያ ከኩታበር የመጡ አንድ አባት ፋርማሲያችን ገብተው ወንበሩ ላይ በቀስታ ተቀመጡ። ደሴ ስለሆነ ጋቢ መደረቡ አይገርምም፤ የእሳቸው አያያዝ ግን ለየት ይላል፣ በግራ እጃቸው ሰብስበው ሆዳቸው ላይ ጭምቅ አድርገውታል። ስልካቸውን ሊሰጡኝ ሲዘረጉ ጋቢው ገለጥ አለ። የሽንት ከረጢቱን ወገባቸው ላይ በመቀነት አስረውታል። እስከ ግማሽ ሞልቷል፣ ቀለሙም ደፍርሷል። ሽንት የሚያወጣው ጎማ (ካቴተር) ከገባላቸው አራት ወር አልፎታል።

«ይችን አንብብልኝ እስቲ» አሉኝ። ጅዳ ያለችው ልጃቸው የላከችላቸው ጽሑፍ ነው። ከሥሩ የድምፅ መልእክት አለ፦ «አባዬ፣ እንቅደድህ ቢሉህ እሺ እንዳትላቸው። ገንዘቡን እያጠራቀምኩ ነው፣ ህንድ እወስድሃለሁ።»

ጽሑፉን ከእሳቸው በፊት ሦስት ሰው አሳይቶኛል። ርእሱ «የፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ዘመን አበቃ» ነው፤ በቴሌግራም ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያልደረሰበት ስልክ ያለ አይመስለኝም። ጸሐፊው ስሙን አላኖረም። ይህን የምጽፈው ሰውየውን ለማጣጣል አይደለም። አማርኛው ያማረ ነው፣ ሐሳቡም ከቅንነት የመነጨ ይመስለኛል። ግን አምስት ነገር ይላል፤ ከአምስቱ የአንዱ ውጤት ጋቢ ለብሶ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር።

የጽሑፉን ቃል ሳላጣምም ላቅርበው። እስከ ዛሬ ላበጠ ፕሮስቴት የነበረው መፍትሔ ቢላዋ ነበር፤ አሁን በእንፋሎት የሚያከስም፣ በማያዣ ወደ ጎን የሚሰበስብ፣ የደም ሥሩን የሚዘጋ ሕክምና ስለመጣ አሮጌው ቀርቷል ይላል። ኦፕራሲዮን ወንድነትን ይገድላል፣ አዲሶቹ ግን ምንም ጉዳት የላቸውም ይላል። በአዲሱ ዘዴ ሰው ታክሞ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል፣ ዕድሜ ልኩን ይገላገላል። ያልታከመ ዕጢ ወደ ካንሰር ይለወጣል፣ በአዲሱ የታከመ ግን ከካንሰሩ ሥጋትም ይድናል። መደምደሚያውም «አቅም እስኪገኝ በመድኃኒትና በባህላዊ ቅጠል ይጠብቁ፤ ክፍለ ሀገር ላይ ለመቀደድ አይቸኩሉ» የሚል ነው።

«አሮጌው ቀርቷል» ከሚለው ልነሳ። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር የተቀመጠ፣ የሽንት ቧንቧን እንደ ቀለበት የከበበ ዕጢ ነው። በጎልማሳ ወንድ ክብደቱ 20 ግራም ገደማ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የውስጠኛው ክፍል እያደገ ቧንቧውን ያጠበዋል፤ ሽንት አልጀምር ይላል፣ ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል፣ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ያስነሳል። ጽሑፉ «ቢላዋ» እያለ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር ግን ሁለት ነው። አንደኛው ሆድ ከእንብርት በታች ተከፍቶ ያበጠው ክፍል በጣት ተፈልቅቆ የሚወጣበት ነው። ይህ ከ100 ዓመት በላይ የቆየ ሙያ ነው፤ ከባድ መሆኑን፣ ደም እንደሚያስፈልገው፣ ቀናት እንደሚያስተኛ አልክድም። ሁለተኛው ቲ.ዩ.አር.ፒ. የሚባለው ነው። ቀጭን መሣሪያ በብልት ቀዳዳ በኩል ይገባና ጫፉ ላይ ባለች የኤሌክትሪክ ሽቦ ቀለበት ዕጢውን ከውስጥ እየላገ በቁርጥራጭ ያወጣዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከወገብ በታች ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ይሠራል። ቆዳ ላይ አንዲት ጭረት የለም። «መቀደድ» የሚለው ቃል ለዚህኛው ጨርሶ አይሆንም። ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ ጆንያ አስገብቶ ስላሰረ፣ አንባቢው የመጀመሪያውን እየፈራ ከሁለተኛው ይሸሻል።

አዲሶቹስ? መልካም ናቸው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም። ሬዙም በአጭር መርፌ እየወጋ ለ9 ሴኮንድ ያህል የውሃ እንፋሎት ዕጢው ውስጥ ይለቃል፤ በሙቀቱ የሞተውን ሥጋ ሰውነት ራሱ በሳምንታት ውስጥ እየመጠጠ ያስወግደዋል። ዩሮሊፍት አይቆርጥም፣ አያቃጥልም። መጋረጃ ወደ ጎን ተሰብስቦ እንደሚታሰረው ዕጢውን ግራና ቀኝ ሰብስቦ በጥቃቅን ማያዣ ያስረዋል። የደም ሥር መዝጋቱ ደግሞ በእጅ ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ዕጢውን የሚመግበውን ሥር በጥቃቅን ፍሬዎች መድፈን ነው፤ ዕጢው ደም ሲያጣ ይሟሽሻል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዩሮሊፍትን በ2013፣ ሬዙምን በ2015 እ.ኤ.አ. ፈቅዷል። እስከዚህ ጽሑፉ ትክክል ነው።

ያልተናገረው ግን ይህ ነው። የሁለቱ ዋና ጥናቶች የተካሄዱት ዕጢያቸው ከ30 እስከ 80 ሚሊ ሊትር በሆነ ሰዎች ላይ ነው። በዩሮሊፍቱ ጥናት የዕጢው መሐለኛ ክፍል ወደ ፊኛ ገብቶ በር የዘጋበት ሰውም አልተካተተም። ከሁሉ በላይ፣ ሽንታቸው ተዘግቶ ጎማ የገባላቸው ሰዎች በእነዚያ ጥናቶች አልነበሩም። እዚህ እኛ ዘንድ ሐኪም ቤት የሚመጣው ማን ነው? ሁለት ሦስት ዓመት በፖፖ ሲሸና ከርሞ፣ አንድ ሌሊት ጠብታ አልወርድ ሲለው በጎረቤት ባጃጅ የሚመጣው ነው። ዕጢው 100 እና 120 ሚሊ ሊትር የደረሰ ነው። ለቀላል ሸክም የተሠራ ድልድይ ጥሩ ድልድይ ሊሆን ይችላል፤ ሲኖትራክ ይለፍበት ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ ለትልቅ ዕጢ የሚሆን ዘመናዊ ዘዴ አለ። ሆሌፕ ይባላል፤ ሐኪሙ ድሮ በጣት የሚፈለቅቀውን ዕጢ ሌዘር ከውስጥ ይፈለቅቀዋል። ጽሑፉ ስሙን እንኳ አላነሳውም። ምናልባት እሱም ማደንዘዣና የኦፕራሲዮን ክፍል ስለሚፈልግ «ዘመኑ አበቃ» ከሚለው ርእስ ጋር አልሄደለት ይሆናል።

ወንድነትን በሚመለከተው ነጥብ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሰው የሚፈራው ይህን ነው። ፋርማሲ ውስጥ ስትሠራ ታውቀዋለህ፦ ሰውየው ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ የሳል ሽሮፕ ዋጋ ይጠይቃል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ከተሠራሁ በኋላ ሰው እሆናለሁ?»

መልሱ በሁለት ይከፈላል፣ ጽሑፉ ግን ቀላቅሎታል። አንዱ መነሣት ነው፣ ሌላው የዘር ፈሳሽ መውጣት። ስለ መነሣቱ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች 556 ወንዶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ ቲ.ዩ.አር.ፒ. ሠራላቸው፣ ግማሾቹን እየተከታተለ አቆያቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ የተሠራላቸው ከቆዩት የበለጠ በስንፈተ ወሲብ አልተጠቁም። የብዙ ሰው ሥጋት የሆነው ሽንት መቆጣጠር አለመቻልም በእነሱ ላይ በዝቶ አልታየም። በዕድሜ 65 እና 70 ላይ መነሣት ብዙ ጊዜ በራሱ፣ በስኳርና በደም ግፊት ይደክማል፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ ሲደክም ግን ጥፋቱን ሁሉ ሐኪሙ ይሸከማል።

የዘር ፈሳሹ ነገር ግን እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ነው፣ እኛ ባለሙያዎችም ብዙ ጊዜ ሳንናገር እናልፈዋለን። ከቲ.ዩ.አር.ፒ. በኋላ ከ10 ወንዶች በስድስት ሰባቱ ፈሳሹ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ ይመለሳል፣ ከሽንት ጋርም ይወርዳል። አይጎዳም፣ ስሜቱንም አያጠፋም፤ በተለመደው መንገድ ልጅ መውለድን ግን ይከለክላል። ባለፈው ዓመት ከኮምቦልቻ የመጣ የ58 ዓመት ሰው ነበር። ሚስቱ ሞታበት ሌላ አግብቷል፣ አዲሷ ሚስት ልጅ ትፈልጋለች። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ዕጢው መካከለኛ ከሆነ ዩሮሊፍት ወይም ሬዙም ከቲ.ዩ.አር.ፒ. በግልጽ ይሻላል፤ አቅም ካለው ርቆ መሄዱም ያስኬዳል። የጽሑፉ ምክር የሚሠራው ለእሱ ነው። ለኩታበሩ አባት ግን፣ ዘጠኝ ልጅ ወልደው ሁለቱን ሐጅ ለላኩት፣ የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነው፦ ጎማ ተሸክመው ውዱእ አድርገው መስገድ፣ ከረጢቱ መስጊድ ምንጣፍ ላይ እንዳያፈስ። ቅዳሴ ሳያልቅ ሁለቴ ሦስቴ የሚወጣ አስቀዳሽም ጭንቀቱ ይኸው ነው። ሁሉንም ወንድ በአንድ ፍርሃት መለካት ልክ አይደለም።

«ምንም ጉዳት የላቸውም» የሚለው ደግሞ ስለ ምንም ሕክምና ሊባል አይችልም። እኔ ለፕሮስቴት የምሸጠው ታምሱሎሲን የተባለ መድኃኒት እንኳ ሰው ሲነሣ ያዞራል፣ የዘር ፈሳሽም ይቀንሳል። ከእንፋሎቱም ከማያዣውም በኋላ ማቃጠል፣ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ የዳሌ ሕመም፣ ለጊዜው መዘጋት ይኖራል። አብዛኛው በጥቂት ሳምንት ያልፋል። ግን «ምንም» እና «ቀላል» አንድ አይደሉም።

«በዚያው ቀን ቤት፣ ለዕድሜ ልክ» ስለሚለው። በዚያው ቀን ቤት መግባቱ እውነት ነው፤ በእንፋሎት የታከመው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚገባው ለጥቂት ቀን ጎማ ይዞ ነው። ሙሉ ለውጡን ለማየትም እስከ ሦስት ወር መጠበቅ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲያውም ከበፊቱ ሊብሱ ይችላሉ። ዕድሜ ልክ የሚለውን ራሳቸው አምራቾቹ አይሉትም። በዩሮሊፍት ዋና ጥናት በአምስት ዓመት ውስጥ ከታከሙት 13.6 በመቶው ዳግም ኦፕራሲዮን ወይም ሌላ ጣልቃ ገብነት አስፈልጓቸዋል። በሬዙሙ 4.4 በመቶ ነበር፤ ጥሩ ቁጥር ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። ቲ.ዩ.አር.ፒ.ም ቢሆን ከ100 ሰው አንድ ሁለቱን በየዓመቱ ሊመልስ ይችላል። ልዩነቱ የመላጉ ሥራ የሽንቱን ፍጥነት ከአዲሶቹ ይበልጥ ማሻሻሉ ነው፤ ቧንቧውን የዘጋው ሥጋ ወጥቷልና። ደሴ ላለ ሰው መመለስ ማለት ሊፍት ወጥቶ ሦስተኛ ፎቅ መግባት አይደለም። ህንድ ተሠርቶ ቢመለስና በ10ኛው ቀን ደም ቢረጋበት፣ የሚያየው ይኸው «አትቸኩሉበት» የተባለው የክፍለ ሀገር ሐኪም ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የካንሰሩን ነገር አላረዝመውም፤ በሁለቱም አቅጣጫ ስሕተት ነው። ይህ ዕድሜ የሚያመጣው እብጠት ወደ ካንሰር አይለወጥም። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ አንድ ሰው ላይ ግን አብረው ሊገኙ ይችላሉ። እብጠቱ የሚነሣው ከውስጠኛው ክፍል ነው፤ አብዛኛው የፕሮስቴት ካንሰር የሚጀምረው በውጨኛው ነው፣ ያ ደግሞ በአሮጌውም በአዲሱም ሕክምና ሳይነካ ይቀራል። ስለዚህ የታከመ ሰው «ከካንሰር ተገላገልኩ» ብሎ ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለውን የደም ምርመራ ቢተው ራሱን ያታልላል። እንዲያውም በዚህ በኩል አሮጌው አንድ ብልጫ አለው፦ የተላገው ቁርጥራጭ ወደ ፓቶሎጂ ሄዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በእንፋሎትና በማያዣ የሚወጣ ሥጋ ስለሌለ የሚመረመርም የለም። ዕጢውን የሚያሳንሰውን ፊናስቴራይድ የተባለ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ለሐኪሙ ይንገር፤ መድኃኒቱ የፒ.ኤስ.ኤ.ውን ቁጥር በግማሽ ገደማ ስለሚያወርደው፣ ያላወቀ ሐኪም መልካም ውጤት ይመስለዋል።

አሁን ወደ «ይጠብቁ»። ይህን ምላሽ ያስጻፈኝ ይህ ቃል ነው፤ ሌላው ባይኖር ዝም እል ነበር።

መጠበቅ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ወንድ ብዙው ዕጢው ያድጋል፣ ብዙው ግን ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም። ሐኪሞች ሰባት ጥያቄ ጠይቀው ከ35 ነጥብ ይሰጣሉ፤ እስከ 7 ያገኘ ማታ ውሃና ቡና ቀንሶ ክትትል ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ላለው ታምሱሎሲን በቀናት ውስጥ የቧንቧውን ጡንቻ ያላላል፣ ፊናስቴራይድ ደግሞ ስድስት ወር ያህል ወስዶ ዕጢውን ያሳንሳል። በእነዚህ 10 ዓመት በሰላም የኖሩ ደንበኞች አሉኝ። ነገር ግን በመድኃኒት ሊጠበቅ የማይገባው ሰው ምልክቱ ይታወቃል፦ ጎማው ተሞክሮ ሲወጣ ተመልሶ የሚዘጋበት፣ ኢንፌክሽን የሚመላለስበት፣ ፊኛው ውስጥ ጠጠር የሠራ፣ ከዕጢው ደም የሚያመላልሰው፣ ኩላሊቱ መጎዳት የጀመረ። ጽሑፉ ለእነዚህ አንዲት ዓረፍተ ነገር አልሰጠም።

ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። በር የተዘጋበት ፊኛ መጀመሪያ ይታገላል፣ ጡንቻው ይወፍራል። ከዚያ ይደክማል፣ እንደ አሮጌ ስልቻ ይለጠጣል። እዚያ ደረጃ ላይ በሩ ቢከፈትም ገፍቶ የሚያስወጣ ጉልበት ላይመለስ ይችላል። ያልወጣው ሽንት ወደ ላይ ይገፋል፣ ኩላሊት ያብጣል፣ የኩላሊትን ድካም የሚያሳየው ክሬአቲኒን በደም ውስጥ ከፍ ይላል። ይህ ሁሉ ያለ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሰውየው «ለመድኩት» ይላል። አማርኛ ቀድሞ ብሎታል፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ዩሮሊፍትም ሬዙምም ያንን ፊኛ ወጣት አያደርጉትም። የሚጠበቀው አዲስ ሕክምና ሲደርስ የሚሠራለት ፊኛ ካልቆየው መጠበቁ ለምን?

ቅጠሉስ? ሰኞ ገበያ የሚሸጠውን ሁሉ አላወግዝም፤ ስለ ውጤቱ የተለካ ነገር የሚያሳየኝ ግን አላገኘሁም። የውጭውን እንኳ ብንወስድ፣ ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ሶ ፓልሜቶ የተባለ እንክብል አለ። በ2006 እና በ2011 እ.ኤ.አ. የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ ሁለተኛው መጠኑን ሦስት እጥፍ አድርጎ ጭምር፣ ከባዶ እንክብል የተለየ ነገር አላገኙበትም። ከቅጠሉ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ከራሳችን መደርደሪያ የሚወጣው የጉንፋን ክኒን ነው። አፍንጫ የሚከፍቱትና እንቅልፍ የሚያመጡት ዓይነቶች የፊኛውን በር ያጠብቃሉ ወይም ጡንቻውን ያደክማሉ። በደሴ ብርድ ጉንፋን ይዞት ሁለት ክኒን ውጦ፣ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር አውቶቡስ ውስጥ ሽንቱን ይዞ የሄደ ሰው ሲደርስ ቢዘጋበት አይገርምም። ፕሮስቴት እንዳለባችሁ ለፋርማሲስቱ ንገሩ፤ አያፍርባችሁም።

አንድ ነገር ለጸሐፊው ልመንለት። ሰው ይህን ጽሑፍ ያመነው እኛ ስላልነገርነው ነው። «ኦፕራሲዮን ትሆናለህ፣ ደም የሚሰጥ ሰው ይዘህ ና» ተብሎ በሁለት ደቂቃ የተሸኘ ሰው፣ ቴሌግራም ላይ በለሰለሰ አማርኛ የሚያስረዳው ሲያገኝ ለምን አያምን? የዕጢው መጠን ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሠራ፣ ለምን ያኛው እንደማይሆን፣ ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ ምን እንደሚለወጥ የመጠየቅ መብት አለው። መልስ ካልተሰጠው ሌላ ሐኪም ይጠይቅ። ሌላ ሐኪም መጠየቅ አንድ ሳምንት ቢፈጅ ነው፤ ህንድን መጠበቅ አራት ወር ፈጅቷል፣ ገና አላለቀም።

ወደ ሰኞው አባት ልመለስ። መጀመሪያ ያደረግሁት ከረጢቱን ከወገባቸው ፈትቼ ከጉልበታቸው በታች ማሰር ነበር። ከፊኛ በላይ ሲታሰር ሽንቱ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ይህን በአራት ወር ውስጥ የነገራቸው አልነበረም። ጎማውም ከመቀየሪያው ጊዜ ብዙ አልፎ ነበር፤ ሐኪም ዘንድ ሄደው እንዲቀየር፣ ሽንቱ እንዲመረመር፣ ክሬአቲኒንና አልትራሳውንድ እንዲሠራላቸው ነገርኳቸው። ክሬአቲኒኑንና አልትራሳውንዱን በዚያው ቀን ተሠርተው ወረቀቱን ይዘው ተመለሱ። ዕጢው 110 ሚሊ ሊትር ነው፤ ልጃቸው ከምትልከው ጽሑፍ ውስጥ አንዱም ማያዣ፣ አንዱም እንፋሎት በዋናዎቹ ጥናቶች በዚህ መጠን ላይ አልተፈተነም። ክሬአቲኒኑ ከሚገባው ከፍ ብሏል፣ ገና ብዙ አልራቀም።

ከዚያ ስልኩን አቀብለውኝ «አንተው ንገራት» አሉኝ። ለጅዳዋ ልጅ የድምፅ መልእክት ላክሁላት፤ ከላይ የጻፍኩትን በአጭሩ፣ ትንሽ ለስለስ አድርጌ። ገንዘቡን እንዳትተወው፣ ለአባቷ ማረፊያና ለአስታማሚ እንደሚያስፈልግም ጨመርኩ። እሳቸው በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ አከሉበት፦ «ልጄ፣ መቅደድ አይደለም አሉ፣ መላግ ነው፤ ለእኔ ካልሆነም ይከፍቱኛል። አታልቅሽ።»

ጸሐፊው ይህን ካነበበ፣ ጽሑፉን አውርድ አልለውም። «ይጠብቁ» የምትለዋን አውጥቶ በቦታዋ «የዕጢዎን መጠንና ክሬአቲኒንዎን አውቀው ይወስኑ» ቢል ይበቃኛል፤ በቀረው ላይ እንከራከራለን። የኩታበሩ አባት ቀጠሯቸው ሐሙስ ነው።